ሐይቁ በረዶ ሲይዝ ዳክዬዎቹ የት ይሄዳሉ? የቀረኝ አንድ የአደን ቀን ነውና ምክር እፈልጋለሁ

የደብረ ብርሃን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ስኖር ሰባተኛ ዓመቴ ነው፤ የዳክዬ አደን የጀመርኩት ግን ዘንድሮ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እየወሰደኝ ነው። የጦር መሣሪያ ጥንቃቄ ሥልጠናውን ጨርሻለሁ፤ የአደን ፈቃዱንም ለውሃ ወፍ አደን የሚጠየቀውን የፌዴራል የዳክዬ ቴምብርም ገዝቻለሁ።

ግራ የገባኝ የብርዱ ነገር ነው። በጥቅምት ወር በሁለት ቅዳሜዎች ደንገል የከበበው፣ ጥልቀት የሌለው ትንሽ ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። ጥቂት ዳክዬዎች ከሩቅ ሲያልፉ አየን እንጂ የቀረበን የለም። ሁሉም ሰው «ብርድ ይምጣና ታያለህ» አለኝ። ብርዱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ እዚያው ሐይቅ ስደርስ ውሃው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሆኗል። አንድ ዳክዬ እንኳ የለም። የበረዶውን ጠርዝ በጫማዬ ብነካው እንደ ብርጭቆ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

እንግዲህ ብርድ ዳክዬን ያመጣል ወይስ ያባርራል? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ለዓርብ ሌሊት ዝናብ፣ ከዚያም በረዶና ኃይለኛ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ተተንብዮአል፤ ቅዳሜ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ይደርሳል ይላሉ። ባልደረባዬ ቅዳሜ አይችልም። ትንሿን ጀልባውን ግን ሊያውሰኝ ፈቅዷል። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ከገባ በኋላ ልቤ አደን አይፈቅድም፤ ወቅቱም ያልቃል። ብቻዬን ልውጣ?

ባለ ጀልባው (ላክሮስ፣ ዊስኮንሲን)

ወንድሜ፣ ብርዱ ያመጣልም ይወስዳልም፤ ልዩነቱ የትኛው ውሃ ላይ እንደቆምክ ነው። ከአንተ በስተሰሜን፣ በሰሜን ዳኮታ፣ በማኒቶባና በሳስካችዋን ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች በረዶ ሲይዙ እዚያ የነበሩት ወደ አንተ ይወርዳሉ። የአንተ ሐይቅ ሲዘጋ ደግሞ ወደ አዮዋ፣ ወደ ሚዙሪ፣ ወደ አርካንሶ ይቀጥላሉ። ባለፈው ሳምንት ያየኸው የዚህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። ደንገል የሚበቅልበት ትንሽ ሐይቅ በአንድ ጸጥተኛ ሌሊት ይዘጋል። ትልቁና ጥልቁ ሐይቅ ግን በጋውን ያጠራቀመው ሙቀት ስላለው ሳምንታት ይቆያል፤ ወንዝ ደግሞ ከእርሱም ይዘገያል። ስለዚህ ዳክዬዎቹ ከአገር ወጥተዋል ብለህ አትቁረጥ፤ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚፈስ ውሃ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመውጣትህ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ በመኪና ዙርና ክፍት ውሃ ፈልግ። ይህ ሥራ ከተኩሱ ይበልጣል።

ሌላው ነገር ሁሉም ዳክዬ ብርድ አይጠብቅም። ቲል የምትባለው ትንሽ ክንፈ ሰማያዊ ዳክዬ የቀኑን ማጠር አይታ ገና በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ትነሣለች፤ እኛ ጃኬት ስንፈልግ እርሷ ወደ መካከለኛውና ወደ ደቡብ አሜሪካ እየበረረች ነው። ማላርድ ግን፣ ያ ወንዱ ራሱ አረንጓዴ የሆነው፣ እስኪገፋ ድረስ አይሄድም። በረዶ ያልያዘው ውሃና በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ በቆሎ ካገኘ ብርዱን ችሎ ይቆያል። የሚያስነሣው ረሃብ ነው። ብርዱ ቀናት ተከታትሎ ውሃው ሲዘጋና በረዶው በቆሎውን ሲሸፍንበት ያን ጊዜ ይነሣል። አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ብቻውን ብዙ አይሠራም።

ነፋሱንም አትርሳ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ዝናቡን ገፍቶ ሲያልፍ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱም ከጀርባቸው ይሆናል። አብዛኛውን ጉዞ የሚያደርጉት በሌሊት በዚያ ነፋስ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው ጥሩው፤ አዲስ የመጡት ደክመውና ተርበው ያርፋሉ፤ ቦታውንም ገና አያውቁትም።

የሐይቅ ወዳጅ (ሴንት ፖል)

ባለ ጀልባው የጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ከባዮሎጂው በኩል ልጨምር። አደን አልወጣም፤ ወፎቹን ግን ክረምትም በጋም አያቸዋለሁ።

ዳክዬ በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ሲቆም የማይቀዘቅዘው በእግሩ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው ሞቃት ደምና ወደ ላይ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ስለሚተላለፉ ነው። ወራጁ ሙቀቱን ለተመላሹ ይሰጠዋል፤ እግሩ ለመኖር የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሞቃል፤ የሰውነቱ ሙቀት አይባክንም። ከላይ ደግሞ ዘይት የተቀባ ላባ፣ ከሥሩ ድርብ ለስላሳ ላባ አለው። ባለፈው ጥር በአንድ መናፈሻ ኩሬ ላይ ጠዋት ጠዋት የማያቸው ማላርዶች ነበሩ። አንድ እግራቸውን ወደ ሆዳቸው አስገብተው፣ ምንቃራቸውን በጀርባቸው ላባ ቀብረው ይተኛሉ። ሌሎቹ በበረዶው መካከል ባለ ከመኪና የማይበልጥ ቀዳዳ ውስጥ እየተሽከረከሩ ይዋኛሉ። ውሃው እንዳይዘጋ የሚያደርገው የራሳቸው እንቅስቃሴ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በምግብ የሚከፈል ነው። ብርዱ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልጋቸው እህል ይጨምራል። በጣም በሚቀዘቅዝ ቀን ጎህ ሲቀድ ከመነሣት ይልቅ ፀሐይ እስክትወጣ ተሰብስበው ቆይተው ወደ ማሳ የሚሄዱት አርፍደው ነው። ጎህ ላይ ካጣሃቸው ተስፋ ቆርጠህ አትመለስ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በአውሮፓና በእስያ ሰሜን ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ባለ ሹል ጭራና ባለ ማንኪያ ምንቃር ዳክዬዎች ውሃቸው ሲዘጋ ወደ ዝዋይ፣ ወደ አብያታና ወደ ጣና ይወርዳሉ። እኛ ኅዳር ላይ «ወፎቹ መጡ» የምንለው እዚያ ማዶ ሐይቅ ሲጋገር ነው። በደጋችን ብቻ የምትገኘው ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ግን የባሌንና የሰሜን ተራሮችን ውርጭ በወፍራም ላባዋ ችላ ትኖራለች። ይህችን ወፍ በጣም እወዳታለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ሳታያት አላደግህም ብዬ እገምታለሁ።

ማዕበል ምን ያህል ወፍ እንደሚያንቀሳቅስ ለመረዳት የ1995 (እ.ኤ.አ.) ኅዳር መጀመሪያን መመልከት ነው። ኃይለኛ ቅዝቃዜ ከካናዳ ሜዳ ሲወርድ እጅግ ብዙ ዳክዬና ዝይ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ የአየር ሁኔታ ራዳሮች ላይ ታየ፤ በኦማሃና በካንሳስ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራ እስከ ማስተጓጎል ደረሰ።

ጋሽ ከወንዙ ዳር (ዊኖና)

ልጄ፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን ማንም ስላልመለሰው እኔ ልመልስ። ቅዳሜ ብቻህን በጀልባ አትውጣ።

እኔ በምኖርበት ከተማ ይህ ተረት አይደለም። ኖቬምበር 11 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) ጠዋቱ ለብ ያለ ነበር። የዕረፍት ቀን ስለነበር አዳኞች በስስ ጃኬት ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ደሴቶች ወጡ። ከዚያ ዳክዬው ዝቅ ብሎ፣ ብዛቱ አይቶ የማያውቀውን ሁሉ እያስገረመ መጣ። የሚሸሸው ከኋላው የሚመጣውን ነበር። ሰዎቹ ግን ዳክዬው ላይ አተኩረው ቀሩ። ነፋሱ ተነሣ፣ ዝናቡ በረዶ ሆነ፣ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ገለበጠ፣ ወደ ዳር መመለስ አልተቻለም። በሚኒሶታ ብቻ 49 ሰዎች ሞቱ፤ ግማሽ ያህሉ የዳክዬ አዳኞች ናቸው። በነጋታው ማክስ ኮንራድ የተባለ የዊኖና አብራሪ ትንሽ አውሮፕላኑን አስነሥቶ በደሴቶቹ ላይ የቀሩትን እየፈለገ ምግብና ክብሪት ጣለላቸው። እኔ ይህንን ታሪክ የሰማሁት ልጅ ሆኖ ከደረሰበት ጎረቤቴ ነው፤ ሲነግረኝ ድምፁ ይቀየር ነበር።

ዳክዬ የሚበዛበት ሰዓትና ሰው የሚሞትበት ሰዓት አንድ ላይ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ቀዝቃዛ ውሃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ያህል አለው፤ እጁና እግሩ እንደ ልብ የሚታዘዙት አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ራሱን እስኪስት አንድ ሰዓት ያህል። ዋናተኛ መሆን አያድንም። እስከ ደረት የሚደርሰውን የውሃ ቦት ስታደርግ ወገብህ ላይ ያለውን መታጠቂያ አጥብቅ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከጀልባው ሥር ሳይሆን ከላይህ ላይ ልበስ። በዳር በኩል የያዘውን ስስ በረዶም አትመን። በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል፤ የወንዝ በረዶ ደግሞ ከሥሩ ስለሚቦረቦር መለኪያው ራሱ ያታልላል።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የመታሁትን አንድ ዳክዬ ለማንሣት ስስ በረዶ ላይ ረገጥኩ። እስከ ደረቴ ገባሁ። ያወጣኝ አብሮኝ የነበረው ሰው የወረወረልኝ ገመድ ነው። ጣቶቼ ቋጠሮውን መያዝ አቅቷቸው ገመዱን በክንዴ ጠመጠምኩት። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ይህንን አልጽፍልህም ነበር። አብሮህ የሚወጣ ሰው እስክታገኝ ጠብቅ፤ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ሰዓትም ለቤተሰብህ ጽፈህ ተው።

እመቤት (ሮቸስተር)

ስለ ክፍት ውሃ ከተነሣ፣ የእኛ ከተማ ሲልቨር ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኃይል ማመንጫ ሙቅ ውሃ ይለቅበት ስለነበር ለብዙ ዓመታት በክረምት አይዘጋም ነበር፤ ዝይዎቹም ወደ ደቡብ መሄድ ትተው እዚሁ ከረሙ። ጠፍቷል የተባለው ግዙፉ የካናዳ ዝይ በ1962 (እ.ኤ.አ.) እንደገና የታወቀው እዚሁ ነው።

ባለቤቴ አዳኝ ስለሆነ ሕጉን በአጭሩ ልጨምር። በጥይቱ ውስጥ ያለው የእርሳስ እንክብል ለውሃ ወፎች አደን ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላው አገሪቱ የተከለከለ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ብረት ወይም መርዛማ ያልሆነ መባሉን አረጋግጥ። ጠብመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ መወተፊያ ይኑረው። በቀን የሚፈቀደውን የዳክዬ ቁጥርና የተኩስ ሰዓቱን ከዘንድሮው የክልሉ መመሪያ አንብብ፤ ባለፈው ዓመት ሰው የነገረህን አትያዝ። ይህንን የሚያነቡ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የፌዴራል ሕጉ በእንዲህ ዓይነት ቪዛ ላለ ሰው ጠብመንጃ መያዝን በመሠረቱ ይከለክላል። የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ከክልከላው ይወጣል፤ ቢሆንም መሣሪያ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ቅዳሜ ቤት ዋልኩ። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እየሰማሁ ጀልባዋን አሰብኳት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ዞርኩ፤ አራት ሐይቅ ዝግ ነው። አምስተኛው ቦታ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ወደ ትልቅ ሐይቅ የሚገባበት፣ እንደ አውድማ የሰፋ ጥቁር ውሃ አገኘሁ፤ ማላርዶቹ ሞልተውታል።

ሰኞ ሁለታችንም እረፍት ወስደን ከባልደረባዬና ከውሻው ጋር ሄድን። ጀልባ አላስፈለገንም፤ ከዳር ተቀመጥን። ጎህ ሲቀድ ምንም የለም። የሐይቅ ወዳጅ እንዳልሽው ጠበቅን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ከማሳው በኩል ሲመለሱ መጀመሪያ የሰማሁት የክንፋቸውን ፉጨት ነው። ሦስት ወንድ ማላርዶች መታን፤ ሁለቱ የእርሱ፣ አንዱ የእኔ። ውሻው የእኔን ይዞ ሲወጣ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር። ዳክዬውን ስቀበለው ከደረቱ ላባ ሥር ጣቴን አስገባሁ፤ እንደ እሳት ይሞቃል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ሁለት ትልልቅ መንጋዎች ለማረፍ ክንፋቸውን አጥፈው ከወረዱ በኋላ በድንገት ወደ ላይ ተመለሱ። አልተንቀሳቀስንም። ምን አይተው ነው?

ባለ ጀልባው

የፕላስቲክ ማታለያ ዳክዬዎችህን ተመልክተሃቸው ነበር? በእንዲህ ያለ ብርድ የሚረጨው ውሃ ጀርባቸው ላይ ይረጋና ፀሐይ ስትወጣ እንደ መስታወት ያበራሉ። እውነተኛ ዳክዬ ጀርባው ላይ በረዶ አይዝም፤ ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ይሸሻሉ። በየግማሽ ሰዓቱ አንዳችሁ ከዳር ሆናችሁ በረዥም ዘንግ ሳቧቸው፤ ውሃ ውስጥ ድፈቋቸውና አራግፏቸው። ቁጥራቸውንም ቀንሱ፤ ለትንሽ ክፍት ውሃ አሥር ይበቃል። የእናንተን ዱካም ተመልከት። አዲስ በረዶ ላይ የረገጣችሁት ጥቁር መስመር ወደ መደበቂያችሁ በቀጥታ የሚመራ ከሆነ ከሰማይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጭ አንሶላ ይዛችሁ ሂዱና መደበቂያውን ሸፍኑት።