ፖከር ላይ ሰው ሲቀንስ ለምን እከስራለሁ?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ እንዴት ናችሁ! ድሬዳዋ ከዚራ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሊሚት ፖከር እንጫወታለን። ቺፑ ቆርኪ ነው፣ አንዱ ቆርኪ 5 ብር። ቅዳሜ 10 ሰው ይሞላል፣ እኔም ጥሩ እጅ (ካርታ) እስኪመጣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ አትርፌ ነው የምገባው። በአዘቦት ቀን ከእነዚያው 5 ብቻ እንቀራለን፣ አጨዋወቴን አልቀየርኩም፣ ግን እከስራለሁ። እድል ነው ወይስ የሳትኩት ነገር አለ?

ባለ ቆርኪው፦
የምን እድል! ብላይንዳችሁ (ካርታ ሳይታደል ሁለት ሰው በተራ የሚያስገባው የግዴታ መወራረጃ) 1 እና 2 ቆርኪ ከሆነ፣ ተራው ሁላችሁን ባዳረሰ ቁጥር 15 ብር ታወጣለህ። 10 ስትሆኑ በአንድ እጅ (በአንድ እደላ) 1.50 ብር ይደርስብሃል፣ 5 ስትሆኑ 3 ብር። አንተ ደግሞ ሁለት አስ ትጠብቃለህ። እሱ በአማካይ በ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፣ እስከዚያ ብላይንዱ ይጨርስሃል።

የሳቢያኗ፦
የእጁ ዋጋም አንድ አይደለም እኮ። ሁለት አስ ይዘህ 9 ሰው ያገኘውን ካርታ ይዞ እስከ መጨረሻ ቢከተልህ የምታሸንፈው 31 በመቶ ገደማ ነው፣ ከአንድ ሰው ጋር ከሆነ ግን 85። ስለዚህ 5 ስትሆኑ አስና 9 ወይም ኪንግና ጃክ ይዘህ ቀድሞ የገባ ሰው ከሌለ ሬይዝ አድርግ (መወራረጃውን ጨምር)፣ አትፍራ። ቅዳሜ የምትወዳቸውን አንድ ምልክት ያላቸው 6 እና 7 ግን ተዋቸው። ሊሚት ላይ መወራረጃው የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ሰው በርካሽ ይከተላል፣ ተከታታይ ቁጥር ወይም አንድ ምልክት ሲሞላልህ ሁሉም ይከፍልሃል፤ የሚከተል ከሌለ ማን ይከፍልሃል?

መጋላ፦
ልክ ናችሁ፣ ግን ትርፉ ከማን እንደሚመጣ ረሳችሁት። ቅዳሜ ማንኛውንም ካርታ ይዘው ኮል የሚሉት (የሚከተሉት) ሰዎች በአዘቦት ይመጣሉ? ደግሞ ለውሃና ለበረዶ ከየእጁ ይቆረጣል? ሰው ሲያንስ መሃል ያለው ብር ትንሽ ነው፣ ካርታውም ቶሎ ቶሎ ይታደላል፣ ቆረጣው ግን ያው ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ይቆረጣል፣ 1 ቆርኪ። ኮል ባዮቹማ በአዘቦት ሥራ ላይ ናቸው፣ የሚቀሩት ማታ ማታ በስልክ የሚለማመዱት ናቸው፣ አሁን ነው የገባኝ። ነገ አስና 9 ሬይዝ አደርጋለሁ፣ ከተበላሁ የሳቢያኗ ትከፍላለች።

የሳቢያኗ፦
ብላይንዱን ብቻ!