በቃጠሎ የተኮማተረ የሕፃን እጅ፦ ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)
የ4 ዓመት ልጄን ከ8 ወር በፊት የፈላ ውኃ ቀኝ እጁን አቃጥሎት ነበር። ቁስሉ ደርቋል፤ ጣቶቹ ግን ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ፣ ማንኪያ እንኳ መያዝ አቅቶታል። ጠባሳው ተከፍቶ ቆዳ እንደሚተከልለት ተነግሮናል። ትንሽ እስኪያድግ ብንጠብቅስ? ከዚያ በኋላስ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ 1 (ሐኪም)
እህቴ፣ አትጠብቂ። አጥንቱ ያድጋል፣ ጠባሳው ግን አብሮት አይለጠጥም። በቆየ ቁጥር ጅማትና መገጣጠሚያም ስለሚያጥሩ፣ ቆዳው ቢከፈትም ጣቱ ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል።

ቆዳው ከየት እንደሚወሰድ ጠይቂ። ለመዳፍና ለጣት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከብሽሽት የሚወሰድ ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ነው፤ ከጭን ከሚላጠው ስስ ቆዳ ይልቅ መልሶ የመኮማተር ዕድሉ ያነሰ ነው። የተወሰደበት ቦታም ተሰፍቶ የመስመር ጠባሳ ብቻ ይተዋል።

የተተከለ ቆዳ የራሱ ደም ስር የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሥሩ በሚያገኘው ፈሳሽ ይኖራል፣ ደም ስር የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሥሩ ደም ከተጠራቀመ ወይም ፋሻው ከተንሸራተተ ቆዳው ይሞታል። ስለዚህ ፋሻውን ቤት ውስጥ አትፍቺው፤ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሐኪም ይፈታዋል። እጁ በትራስ ከልቡ ከፍ ይበል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ ፋሻውን የሚያርስ ደም፣ ወይም የጣት ጫፍ መጥቆርና መቀዝቀዝ ካየሽ በዚያው ቀን ውሰጂው።

መልስ 2 (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)
ቀዶ ሕክምናው ግማሹ ሥራ ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ የሚይዘው ስፕሊንት (በእጁ ልክ የሚሠራ ጠንካራ መደገፊያ) ካልተደረገለት እጁ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ ሌሊት ብቻ ለ6 ወር እና ከዚያም በላይ ይደረጋል። ልጁ ሲያድግ ስለሚጠበው እየታየ ይቀየራል። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ስፕሊንቱን ማን እንደሚሠራላችሁ ጠይቂ፤ ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና ሐኪሙ ሲፈቅድ ማሸት ትጀምሪያለሽ። ቫዝሊን ቀብተሽ በአውራ ጣትሽ ጠባሳው ነጣ እስኪል ተጫኝው፣ ከዚያ ክብ እየሠራሽ እሺው፤ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል። ቆዳው ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ አቁሚ።

ጠያቂዋ፦ ሌሊት ስፕሊንቱን ቢያወልቀውስ?

መልስ 2፦ ከላይ ረጅም ካልሲ አጥልቂበትና ከክርኑ በላይ በሰፊ ጨርቅ ያዥው፤ ጠበቅ አድርገሽ ግን አትሰሪ። ጠዋት ሲፈታ ቆዳው ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ቀይ ምልክት ካለ ስፕሊንቱ እየነካው ስለሆነ ይስተካከል።

መልስ 3 (ነርስ)
አዲስ አበባ መምጣት ካስፈለገ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል፣ አለርት ሆስፒታልም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አለው፤ ሪፈር አጽፈሽ ያዢ። ልጁ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለው ከማደንዘዣው በፊት ንገሪያቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ አታጉድዪበት፤ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይሽርም። አዲሱ ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ፀሐይም ቶሎ ያጠቁረዋልና ሸፍኚው። ቅቤም ሆነ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጊ።