ለፋሽን ፎቶ ፖርትፎሊዮ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ላይ ብር ላውጣ? ጥቆማችሁን

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የማነሳው ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት ነው። አሁን ወደ ፋሽን መግባት ፈልጌ ዲዛይነሮች ጋ ስሄድ «እስኪ ሥራሽን አሳዪን» ይሉኛል፤ ያለኝ ሙሽራና ኬክ ብቻ ነው። ካኖን 6ዲ እና 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ አለኝ። ያጠራቀምኳት ብርም አለች፤ ለሁሉም ግን አትዳረስም። አዲስ ካሜራ ልግዛ፣ ስቱዲዮ ልከራይ፣ ዌብሳይት ላሠራ ወይስ መጽሐፍ ላሳትም? ከፋይ ደንበኛ የሚያመጣው የቱ ነው?

መልስ፣ ከገርጂ፦

ካሜራውን እንዳትነኪው። 6ዲ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ቢሆንም ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ነው፣ 20 ሜጋፒክስል አለው። አንድ ኤ4 ገጽ በጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል፤ በስልክ ለሚያይ ደንበኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ካሜራ ሱቅ ብትገቢ «ሚረርለስ ካልያዝሽ ማን ያይሻል» ይሉሻል። እነሱ መሸጥ አለባቸው። ልብስ አሠርቶ የሚሸጥ ሰው ግን በምን ካሜራ እንዳነሳሁ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ልብሱ እንዴት እንደወጣ ነው የሚያየው። ስለዚህ ብርሽን ከሌንሱ ፊት ለሚቆመው አውጪው፤ ለልብሱ፣ ለሞዴሏ፣ ለሜካፑና ለመብራቱ።

ሌንስ ካማረሽ 85 ሚሊሜትር 1.8 ጨምሪ፤ ያገለገለም ቢሆን ያው ሥራ ይሠራል። በ50 ፊት ላይ ስትጠጊ አፍንጫ ይገናል፣ በ85 ግን ፊት ሥርዓቱን ይይዛል። ችግሩ ቦታ ነው። በ85 ሰውን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ለማስገባት ከ5 ሜትር በላይ መራቅ አለብሽ፤ በ50 ከ3 ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ይበቃሻል። ቀሚስ ሙሉውን ካላሳየሽ ደግሞ ምኑን ፋሽን ሆነ?

ስቱዲዮን በዚህ መዝኚው። ቦሌም ሆነ ሃያ ሁለት በሰዓት የሚከራዩ አሉ፤ ሶፋው፣ አርቴፊሻል አበባውና ፊኛው ያማረው አብዛኛውን ጊዜ ለልደትና ለእርግዝና ፎቶ የተዘጋጀ ነው። ስትደውዪ ዋጋውን ከመጠየቅሽ በፊት ክፍሉ ስንት ሜትር ርዝመት እንዳለው፣ ጣሪያው ምን ያህል ከፍታ እንዳለው፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደተቀባ ጠይቂ። ሮዝ ግድግዳ ነጭ ቀሚስን ሮዝ ያደርገዋል። መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አላቸው ወይስ ሰዓቱ እየቆጠረብሽ ትቀመጫለሽ? ልብስ መቀየሪያና ካውያስ? አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ካውያ ስለሌለ የተጨማደደ ነጠላ በእጃችን እየዘረጋን ግማሽ ቀን አቃጥለናል። ከዚያ ወዲህ ካውያው ከካሜራዬ ጋር ነው የሚጓዘው።

ለመጀመሪያው ፖርትፎሊዮ ግን ስቱዲዮ የግድ አይደለም። ትልቅ መስኮት ያለው ክፍልና ከመርካቶ የተቆረጠ ነጭ አቡጀዲ ካለሽ የፀሐዩን ብርሃን አለስልሰሽ መሥራት ትችያለሽ። ባክግራውንድ ማንጠልጠያ ቧንቧና ማቆሚያ እዚያው መርካቶ ምናለሽ ተራ ታገኛለሽ፤ ከካሜራ ሱቅ ማቆሚያ በርካሽ መውጣቱ የታወቀ ነው፣ ቢከብድም ነፋስ አይጥለውም።

መብራት ላይ ሁለቱን አወዳድሬ ልንገርሽ። ጎዶክስ ቲቲ600 የሚባለው ፍላሽ በአራት ተራ ባትሪ ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ጎዶክስ ኤዲ200 ደግሞ 200 ዋት ሰከንድ ጉልበት አለው፣ የራሱ ሊትየም ባትሪ ስላለው በሙሉ ጉልበት 500 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ቤት ውስጥ ከሆነ ቲቲ600ን በነጭ ጃንጥላ ተኩሺው፣ ምንም አይጎድልሽም። ደጅ በፀሐይ ልትሠሪ ካሰብሽ ግን ቲቲ600 ትንፋሹ ያጥራል፤ ኤዲ200 ይሻልሻል። ሁለቱም በአንድ የጎዶክስ ትሪገር (ካሜራው ላይ ሆኖ ፍላሹን ከርቀት የሚያተኩስ ዕቃ) ስለሚታዘዙ ከትንሹ ብትጀምሪም ኋላ የሚጣል ነገር የለም። ትሪገሩ ላይ ግን ለካኖን የተሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ የሶኒውን ይዘው የሚመለሱ አሉ።

ደጅ ስትወጪ ሰዓትሽን ጠብቂ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ቆማ ዓይንን ጉድጓድ ታደርጋለች። ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ወዲህ ሥሪ። ክረምቱን አትጥዪው፤ ደመና ራሱ ነፃ ሶፍትቦክስ (ብርሃን ማለስለሻ) ነው፣ ዝናቡ ካላባረረሽ በቀር። ፒያሳ አሮጌ በረንዳዎች ላይ አንሺ የሚልሽ ካለ ምክሩ የቆየ ነው፤ በ2016 ብዙው ፈርሷል። መናፈሻዎች በር ላይ ደግሞ ትልቅ ካሜራና መብራት ሲያዩ ጥበቃዎቹ ማስቆማቸው አይቀርም። ሞዴል አስከትለሽ ከመሄድሽ በፊት ለብቻሽ ሄደሽ አስፈቅጂ። የወዳጅ ሕንፃ ጣሪያ ካገኘሽ ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ወደ ልብሱ። ሽሮ ሜዳ ወይስ ዲዛይነር? ሽሮ ሜዳ ምርጫው ሰፊ ነው። ባለሱቁ ግን አያውቅሽም፣ መታወቂያ ወይ መያዣ ይጠይቅሻል፤ እውነቱን ነው። ትልቁ ፍርሃቱ የፋውንዴሽን እድፍ ነው። ነጭ ፈትል አንገትጌ ላይ ሜካፕ ከነካ ልብሱ አለቀለት። ስለዚህ ሞዴሏ ቀሚሱን በአናቷ ስታጠልቅ ፊቷን በስስ ሻሽ ሸፍኚ፣ ይህን እንደምታደርጊም ለባለሱቁ አስቀድመሽ ንገሪው። ይህን ሲሰማ እጁ ይፈታል። ገና ከትምህርት የወጡ ዲዛይነሮች ደግሞ እንዳንቺው ማሳያ የቸገራቸው ናቸው። አንቺ ፎቶ፣ እነሱ ልብስ፣ ሜካፕ አርቲስቷ ሙያዋን፣ ሞዴሏ ጊዜዋን አዋጥታችሁ ሁላችሁም ፎቶውን ትካፈላላችሁ። እኔ ይሄን መንገድ አስቀድማለሁ፤ የዛሬው ጀማሪ ዲዛይነር የነገ ከፋይ ደንበኛሽ ነው። ለሜካፕ አርቲስቷ ግን ቢያንስ የዕቃዋን ወጪ ቻዪላት፤ ፋውንዴሽን በነፃ አይመጣም።

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የፋሽን ፎቶ አንሺ ፈተና ነው፣ ዲዛይነሮችም በዚያ ነው የሚመዝኑሽ። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ፎቶውን አጨልሞ የሞዴሏን ፊት ያጠቁረዋል። አንቺ ፊቷን ለማዳን ብርሃን ስትጨምሪ ደግሞ ቀሚሱ ወረቀት ይመስላል፤ የሸማኔው ድካም ሁሉ ይጠፋል። መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አምጪው፤ ክሩ ጥላ ሲጥል ሽመናው ይነበባል። ኤክስፖዠሩን በልብሱ ለኪ፣ ሂስቶግራሙ (ካሜራው ላይ የሚታየው የብርሃን ግራፍ) በቀኝ እንዳይቆረጥ አድርጊ፣ ፊቷን በሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) አብሪው። ሣር ላይ አታቁሚያት፤ የቀሚሱ ጠርዝ አረንጓዴ ይመታል። የጥለቱን ቀለም ደግሞ ኤዲት ስታደርጊ በዓይንሽ አትመኚ፣ ቀለሙን በኋላ የምታስተካክዪበት ግራጫ ካርድ አስይዘሽ አንድ ፎቶ አንሺ።

ፖርትፎሊዮው ውስጥ ሠርግ አይግባ። አንድም። የሚበቃሽ 20 ገደማ ፎቶ ነው፣ እሱም በሦስት ተከታታይ ሥራ የተከፈለ፦ አንዱ የሀበሻ ልብስ በዘመናዊ አቀራረብ፣ አንዱ ተራ ካታሎግ፣ አንዱ ቆዳ፤ ቦርሳ ወይም ጫማ። ካታሎጉን ሁሉም ይንቀዋል፣ እንጀራ ያለው ግን እዚያ ነው። ጭስና ቀይ መብራት ያለበት ፎቶ እኛ ፎቶ አንሺዎች እርስ በርስ የምንደነቅበት ነው፤ ቦርሳ አምራቹ የሚፈልገው ስፌቱንና ዚፑን ነው። የሞዴሏንም ቆዳ አታንጪው፤ ብጉር አጥፊ፣ መልክ አትቀይሪ።

ወረቀት አስፈርሚ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣትና መሸጥ ይከለክላል፤ የኢንስታግራም ጓደኝነት ፈቃድ አይደለም። የፎቶውን መብት በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለልሽ። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ፣ ለማስታወቂያ ቢሸጥ ሞዴሏ ምን እንደምታገኝ። ዕድሜዋ ካልደረሰ ወላጅ ይፈርም። ከመነሳቱ በፊት ነው የሚፈረመው፣ በኋላ ፈራሚ አይገኝም።

ማሳያው ላይ አጠር ላድርገው። ኢንስታግራም የግድ ነው፤ ለፋሽን ብቻ አዲስ ገጽ ክፈቺ። ቢሃንስ የሚባለው የሥራ ማሳያ ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ አንድን ሥራ ከነቡድኑ ስም በሥርዓት ያሳይልሻል፤ የማስታወቂያ ድርጅቶችም ይከፍቱታል። የራስ ዌብሳይት ያምራል፣ ግን በየዓመቱ ዶላር ይጠይቃል፤ ለአሁኑ ይቆይ። ከሁሉም በላይ የሚሠራልሽ ከ10 ሜጋባይት ያልበለጠ ፒዲኤፍ ነው፤ እዚህ አገር ሥራ የሚያልቀው በቴሌግራም ነውና። ነጠላ ፎቶ ስትልኪም በፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ጨምቆ ያበላሸዋል።

መጽሐፍ ካሳተምሽ የሠርግ አልበም ቤት ወይስ ዲጂታል ማተሚያ ቤት? አልበም ቤቶቹ ጠንካራ ሽፋን ይሠራሉ፣ ይፈጥናሉም። ግን ሁሉን ነገር ያብረቀርቁታል፣ ካልነገርሻቸው ደግሞ ፊት ማፍካት ልማዳቸው ነው። «ቀለሙን ሳትነኩ እንዳለ አትሙ» ብለሽ ትዕዛዙ ላይ አስጽፊ። ዲጂታል ማተሚያ ቤት ከሄድሽ 200 ግራም ወይም ከዚያ የወፈረ ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ምረጪ፤ ለጥጥ ልብስ ማት ይስማማዋል። ሁለቱም ጋ አስቀድመሽ አንድ ገጽ አሳትሚና ደጅ አውጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። እኔ ብሆን መጽሐፉን የማሳትመው ሦስቱ ሥራዎች ካለቁ በኋላ ነው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የኔ እህት፣ እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ከአዲስ አበባ ልብስ እያስመጣሁ እዚህ ሜሪላንድ እሸጣለሁ፣ ለፎቶ የምከፍለው እኔ ነኝ። ከላይ ወንድማችን ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶ ሲላክልኝ በመጀመሪያ የምፈልገው የቀሚሱን ጀርባ ነው። ማንም አያነሳልኝም! ደንበኛ «ከኋላ ዚፕ ነው ወይስ ቁልፍ?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ሌሊት አዲስ አበባ እደውላለሁ። ፊት፣ ጀርባ፣ ጎን፣ የጥለቱ ቅርብ ፎቶ፣ ነጠላው ተዘርግቶ። ይህን አሟልቶ የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ያላት ልጅ ካገኘሁ ዋጋ አልከራከርም።

ቀለሙም እንደዚሁ። ስክሪን ላይ ወርቃማ የነበረ ጥለት ሰው እጅ ሲገባ ብርቱካን ከሆነ ዕቃው ይመለስብኛል፣ የፖስታው ኪሳራ የኔ ነው። ወቅቱንም እወቂበት፦ ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠውን ፎቶ እኔ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ነው የምፈልገው፣ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ነሐሴ ላይ «ሥራ አለ?» ብትዪኝ ረፍዷል።

ጥያቄ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ዋጋ ሲጠይቁኝስ ምን ልበል? በፎቶ ብዛት ነው ወይስ በቀን? ደግሞ «መጀመሪያ በነፃ ሥሪልንና እናያለን» የሚሉኝን እንዴት ልመልሳቸው?

መልስ፣ ከገርጂ፦

ካታሎግ ከሆነ በልብስ ቁጥር ተስማሚ፤ ለአንድ ልብስ አራት ወይም አምስት ፎቶ ብለሽ ወስኚ፣ እኅታችን የዘረዘረቻቸውን። ለማስታወቂያ ዘመቻ ከሆነ በቀን፣ ቢልቦርድ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ዋጋሽ ውስጥ ሞዴል፣ ሜካፕና ትራንስፖርት መኖር አለመኖሩን ለይተሽ ጻፊ፤ ጠቡ የሚነሳው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ ከቤት አትውጪ።

በነፃ ለሚሉሽ ደግሞ፦ ልብሱንም፣ ሞዴሏንም፣ ሐሳቡንም አንቺ የምትመርጪ ከሆነ ለፖርትፎሊዮሽ ነው፣ ሥሪው። እነሱ ዝርዝር ሰጥተው «ይሄን 40 ልብስ አንሺ» ካሉ ግን ሥራ ነው፣ ይከፈላል። ሱቃቸው ውስጥ ሙከራ ብለው ያስነሱትን ፎቶ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ሲሸጡበት ያየሁት አለ። ለሙከራ ከተስማማሽ አንድ ልብስ ብቻ አንሺና ስምሽ ያረፈበትን አነስተኛ ፋይል ላኪላቸው፤ ዋናው ፋይል ውል ሲፈረም ይሄዳል።

መልስ፣ ከሃያ ሁለት፦

ሜካፕ አርቲስት ነኝ፣ በመስኮትና አቡጀዲው ነገር ትንሽ እከራከራለሁ። ሰማዩ ደመና ገባ ወጣ ሲልበት የብርሃኑ ቀለም በየደቂቃው ይቀያየራል፤ አምስት ልብስ ስትቀይሩ አምስት ዓይነት ፊት ይወጣል። ለአንድ ሁለት ልብስ መስኮት ይሁን። ለካታሎጉ ግን ግማሽ ቀን እንኳ ቢሆን ስቱዲዮ ተከራዪ፣ ልብሱን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሺ። ሜካፑንም መብራቱ በርቶ ልሥራው እንጂ ጨለማ መልበሻ ክፍል ውስጥ አታስቀምጪኝ፤ ለሞዴሏም ዱቄት የበዛበት ሜካፕ አታዘዢ፣ በፍላሽ ሲመታ አመድ ይመስላል።

መልስ፣ ከገርጂ፦

ተቀብያለሁ፣ ለካታሎጉ እሷ ትክክል ናት። የሚከራየው ክፍል ከ5 ሜትር በደንብ ካላለፈ ግን 50ውን ይዘሽ ግቢ፣ 85ቱን ለፊት ብቻ።