ኢንዛይም የሚከፍተው መድኃኒት ለእናቴ ይደርስላት ይሆን?

ጠያቂዋ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ዶክሶሩቢሲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት እየወሰደች ነው። ፀጉሯ ረገፈ፣ ምግብ እንቢ አላት፣ ለልቧም ተሰግቷል። አንድ ዘመዳችን ካንሰሩ ጋ ሲደርስ በኢንዛይም የሚፈታ ናኖፓርቲክል፣ ማለትም መድኃኒት የሚሸከም በጣም ደቃቅ ቅንጣት፣ አለ አለኝ። እውነት ነው? እንዴት ነው የሚሠራው?

ፋርማሲስቱ፣ ኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ። ሐሳቡ እውነት ነው። ብዙ የካንሰር እጢዎች ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን በብዛት ያመነጫሉ፣ ዙሪያቸውን ያለውን አካል እየሰበሩ የሚስፋፉትም በእነሱ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ለመድኃኒቱ መክፈቻ አደረጉት። መድኃኒቱን የያዘው ቅንጣት፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር በታች ነው፣ እነዚያ ኢንዛይሞች በሚቆርጡት አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) ይታሰራል። ፔፕታይዱ ሲቆረጥ መድኃኒቱ እዚያው ይለቀቃል። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው!

የማስተርስ ተማሪ፣ ደሴ
ልክ ነው፣ ግን እህታችን ተስፋዋን እዚህ ላይ እንዳትጥል። እነዚህ ኢንዛይሞች ቁስል ሲድንም ይሠራሉ፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ያለ ቦታው ሊፈታ ይችላል። ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ዳሰሳ በእንስሳት ከተሞከሩት ናኖፓርቲክሎች እጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ዶክሲል ግን ያው ዶክሶሩቢሲን በሊፖዞም (በደቃቅ የስብ ከረጢት) ተሸፍኖ ነው፤ በኢንዛይም የሚከፈት ባይሆንም ልብን ያን ያህል አይጎዳም። ሐኪሟን ስለሱ ጠይቂ፣ የልብ ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ይታይላት። የጀመረችውን ኬሞ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ጠያቂዋ
አላህ ይስጥልኝ። ነገ ቀጠሮ አላት፣ ሁለቱንም እጠይቃለሁ።