የድሮ ፖርሽ 911 መሃሉ ላይ አርፒኤም፣ የፌራሪ ሉሶ ደግሞ ሹፌሩ ፊት እንኳን የለም፤ ለምን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ሽቱትጋርት ፖርሽ ሙዚየም ሄጄ የድሮዎቹን 911 በመስኮት ውስጣቸውን ሳይ ቆየሁ፣ አምስት ጌጅ ተደርድሯል ግን መሃል ያለው ትልቁ ፍጥነት ሳይሆን አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳየው) ነው። ቤት ገብቼ የሌሎቹን ፎቶ ሳይ ጃጓር ኢ ታይፕ ትንንሾቹን መሃል ዳሽቦርድ ላይ ደርድሯቸዋል፣ ፌራሪ 250 ሉሶ ደግሞ ይባስ ብሎ ሁለቱን ትልልቆች መሃል አድርጎ ትንንሾቹን ሹፌሩ ፊት! ለውበት ብቻ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

መልስ 1፦
የ911ዱ ከውድድር የመጣ ነው። ትራክ ላይ ስንት ኪሎሜትር እንደምትሄድ ብታውቅ ምን ይጠቅምሃል፣ የሚያስፈልግህ ማርሽ መቼ እንደምትቀይርና ሞተሩን ከልክ በላይ እንዳታስጮኸው ነው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ፌራሪ 250 ጂቲኦ እኮ ስፒዶሜትር (የፍጥነት ጌጅ) ጭራሽ አልነበረውም። ደግሞ ከአርፒኤሙ በስተግራ ያለውን እየው፣ የዘይት ሙቀትና የዘይት ግፊት ነው። ያ ሞተር በውሃ አይቀዘቅዝም፣ በአየርና በዘይት ነው፣ ስለዚህ የሞተሩን ጤና የሚነግርህ ዘይቱ ነው፣ አንዴ ዓይንህን ጣል ስታደርግ አርፒኤምና ዘይት አብረው ይታዩሃል። ግራ ጫፍ ላይ ቤንዚንና የዘይት መጠን (የዘይቱን መጠን ሞተሩ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ ሚኒሞ ላይ እያለ ካላየኸው አትመነው)፣ ቀኝ ጫፍ ሰዓት። እኔ ከዚህ የተሻለ አደራደር አላየሁም።

መልስ 2፦
የእንግሊዞቹ፣ የነጃጓር ጉዳይ ሌላ ነው። እነሱ በቀኝ መሪ ነው የሚነዱት፣ ያኔ ትልቁ ገበያቸው አሜሪካ ግን ግራ መሪ። የ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ጃጓር ኤክስኬ120 ጌጆቹ በሙሉ መሃል ናቸው፣ መሪው በየትኛውም በኩል ቢሆን ዳሽቦርዱን ብዙ መቀየር አያስፈልግም። በ1961 ኢ ታይፕ ሲመጣ ፍጥነትና አርፒኤም ሹፌሩ ፊት ሄዱ፣ ቤንዚን፣ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና አምፔር መሃል ቀሩ፣ ከስራቸው የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ረድፍ። ያ የመሃል ፓነል ደግሞ ወደ ፊት ይከፈታል፣ ፊውዝና ሽቦ ለመንካት መካኒክ ዳሽቦርድ አያፈርስም።

መልስ 3፦
ሁሉንም በውድድርና በገበያ አታስረዱት። ሉሶ የረጅም መንገድ የምቾት መኪና ነው፣ ሁለቱ ትልልቅ ጌጆች ወደ ሹፌሩ ዞር ብለው ነው የተቀመጡት፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ፍጥነቱን ያያል። በጣም ነው የምወደው፣ ግን እውነቱን ለመናገር ፍጥነት ለማየት ዓይንህን ከመንገዱ ወደ ጎን ማዞር አለብህ፣ እዚህ ላይ ፖርሽ ይበልጠዋል። የ911ም ቢሆን እንከን አለው፣ የመሪው ክብ የዳርና ዳሩን ጌጆች ይሸፍናቸዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከኋላ መስኮት በኩል ያነሳሁትን ፎቶ አሁን ደግሜ አየሁት፣ እውነትም መሪው ቤንዚኑንና ሰዓቱን ግማሽ በግማሽ ሸፍኗቸዋል፣ አርፒኤሙ ግን አንድም ነገር አልጋረደውም።