የሸክላ ማጠቢያ ማሽን የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጅማ ነው ያለሁት። ከአጎቴ የደረሱኝ የሙዚቃ ሸክላዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ባለ 7 ኢንች፣ ባለ 45 ዙር የአምሃ ሪከርድስና የፊሊፕስ ናቸው። የጅማን ክረምት ለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም፦ ሽፋኑ ሻግቷል፣ ሸክላው ላይም ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። በጨርቅ ሲወለወል ፊቱ ያብረቀርቃል፤ መርፌው ሲያርፍበት ግን ቡና እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጣል። ቆሻሻው መስመሩ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ፈሳሹን በቫኩም የሚመጥ ማሽን ፈልጌ ኦኪ ኖኪ ወይስ ቪፒአይ 16.5 የሚለው ላይ ተጣብቄያለሁ። ቪፒአዩን ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኛል፤ ነገር ግን የዚያ አገሩ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያወርድልኛል እንበል፤ ኸርዙስ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ)? እዚያ 60፣ እኛ ጋ 50 ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም የምትሉ አላችሁ?

ደግሞ የመምጠጫው ክንድ ለ12 ኢንች የተሠራ ነው። ለ7 ኢንች አጭሩን ለብቻ መግዛት ግድ ነው? መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለውንስ እንዴት ታስሩታላችሁ?

የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል? (አሲድ የተቀላቀለበትን አላልኩም!) ጥቂት ባለ 78 ዙሮችም አሉኝ፤ እነሱን ማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው አልኮል ስለሚበላቸው ለጊዜው አልነካቸውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ክንዱ ላይ ያለው፣ ሸክላውን የሚነካው የከፋይ ጨርቅ ነው። ሻጋታውን ከአንዱ ሸክላ ወደ ሌላው እንዳያዛምት በምን ታጸዱታላችሁ? ዘመዴ ሻንጣ ሳይዘጋ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ አለብኝ።