ከጂፕሰም ግድግዳ አልለቅ ያለ ሻጋታ

ጥያቄ፦ እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ፣ የመኝታ ክፍል ጂፕሰም ቦርድ በበረኪና ቢታጠብም ሻጋታው ይመለሳል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ 1፦ በረኪና ላዩን ያነጣል እንጂ ጂፕሰም ውስጥ አይዘልቅም፤ ውሃው ግን ሰርጎ ሻጋታውን ያጠናክራል። መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ ድፈኑ። በሩን በ0.15 ሚሜ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ሄፓ (በጣም ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ) ማጣሪያ ያለው ማሽን አየሩን ስቦ ወደ ውጭ ያስወጣ። ኤን-95 ማስክ አድርጋችሁ ቦርዱን ከሚታየው ሻጋታ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ አልፋችሁ ቁረጡ፤ ቁራጩን እዚያው ከረጢት ውስጥ እሰሩት። ከቦርዱ ጀርባ ያለውን የግድግዳውን እንጨት በሄፓ ቫኪዩም ካጸዳችሁ በኋላ በሳሙና ውሃ ፈትጉት።

መልስ 2፦ የእንጨቱ እርጥበት ከ16% በታች ሳይወርድ አዲስ ቦርድ እንዳይገጠም፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በመለኪያ አረጋግጡ፣ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም።

መልስ 3፦ ኤሲውንም (አየር ማቀዝቀዣውን) እዩት። ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ የአየሩ እርጥበት ከ60% በላይ እንዳለ ይቀራል።